የጋሼ ደምሴ ብይ

ጋሼ ደምሴ የሞቱ ዕለት እኔ የሌላ ሰው አባት እያጠብኩ ነበር።

የምሠራው በፈረንጅ አገር፣ አልቶና በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ነው። ጠዋት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን ሳሙና እየቀባሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሣት ክልክል ስለሆነ ዝም አልኩት። ደግሞ ተደወለ። በሦስተኛው አላስቻለኝም፤ እጄን በፎጣ ጠረግሁና አነሳሁት። የኮሊንግዉዷ የእነ ጋሼ ጎረቤት ናት። "ሰኒ፣ እንዴት አደርሽ?" አለችና ጸጥ አለች። "ማን ነው?" አልኳት፤ ምን ተፈጠረ እንኳን አላልኩም። "ጋሼ ደምሴ" አለችኝ። "ልባቸው ነው አሉ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እያሉ።"

ሽማግሌው ሳሙናው ጀርባቸው ላይ እንዳለ ዞር ብለው "አር ዩ ኦልራይት፣ ላቭ?" አሉኝ። ውሃው እንዲቀዘቅዝባቸው አልፈለግሁም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሸሚዛቸውን ቆልፌ፣ ጸጉራቸውን አበጥሬ ጨረስኩ። ከዚያ የሠራተኞች ሽንት ቤት ገብቼ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ደግነታቸው ሲያወራ ሰነበተ። ደግ ነበሩ፤ ማን ይክዳል? እኔ ግን ይኼን የምጽፈው ላመሰግናቸው ብቻ አይደለም። ሳላውቅ የወሰድኩባቸው ነገር አለ። ሳልናገረው ብቀር ያንቀኛል።

ጋሼ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ የሱፍ ኮፍያ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አገር ቤት አናጢ ነበሩ። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚህ ከገቡ ጀምሮ ሰንሻይን በሚባለው ሰፈር የፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆመው ኖሩ። አናጢነቱ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ሰው ቤት ቡና እየጠጡ እንኳን ጠረጴዛውን ከሥር በጣታቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉታል። "ምን እየፈለጉ ነው?" ስላቸው "የሠራውን ሰው" ይሉኛል።

የሚኖሩት ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ኮሊንግዉድ፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ ነው። ልጅ አልወለዱም። እትዬ አስካለን ስኳር እግራቸውን ጎድቷቸዋል፤ የመራመጃ ብረት እየገፉ ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ አንድ ቀን ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሀል ላይ ቆሞባቸው ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ሊፍት የሚገቡት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ብቻ ሆነ፤ ያውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው። ሌላውን ቀን መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ሰማዩ የጠራ እንደሆነ ከዚያ መስኮት ከተማው ሁሉ፣ ከከተማው ወዲያ ደግሞ ባሕሩ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። "ሁሉ ይታየኛል ልጄ፤ የምረግጠው ነው ያጣሁት" ይሉኝ ነበር።

ጋሼ ይኼን በሰሙ ቁጥር ኮፍያቸውን ያወልቁና መልሰው ያደርጉታል። "አስኩን መሬት ሳላስረግጣት አልሞትም" ይላሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር ምድር ቤት እንዲቀየርላቸው ያመለክታሉ፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ወረፋ ላይ ናችሁ ይባላሉ። እኔ ደግሞ ተስፋቸው ያ ወረፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔ የዚያን ጊዜ ከልጄ ከሊዲያ ጋር ሰንሻይን ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሰው በሁለት ነገር ያውቀኛል፤ በችኩልነቴና በእልልታዬ። ችኩልነቴን ከእናቴ ነው የወረስኩት፤ እልልታዬን ከማን እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰርግ ሲኖር ሰዎች "ሰኒ ትመጣለች?" ብለው ነው የሚጠይቁት፤ ለእኔ ፍቅር ኖሯቸው ሳይሆን ሙሽሪት ስትገባ ጉሮሮዬን ፈልገው ነው። ጋሼም ከቅዳሴ ስንወጣ "ዛሬም ጣሪያውን ልታነሺው ነበር" ሳይሉኝ አያልፉም።

አከራዬ ቤቱን ልሸጠው ነው ያለኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተነቅያለሁ። ሊዲያ ትምህርት ቤቷን አንዴ ቀይራለች፤ ደግሞ ልትቀይር ነው። እኔው ራሴ ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። የማውቀው ነገር የለም። ለጋሼ ብነግራቸው "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣ?" አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

እንግዲህ ብዩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቤት እዚያው ሰንሻይን ነበር፤ በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ የድሮ የሳንቃ ቤት። ጋሼ በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ በደንብ ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ወደ ባዶው ቤት አንገታቸውን አስግገው "ቤቶች!" አሉ።

"ጋሼ፣ ሰው የለም እኮ፤ ኢንስፔክሽን ነው፣ ለገዢ ማሳያ" አልኳቸው።

"ሰው ባይኖርስ? ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ?"

ገቡና ከኪሳቸው አንዲት ብይ አወጡ። ልጆች የሚጫወቱባት፣ ሰማያዊ፣ መሀሏ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ያላት። ተንበርክከው ወለሉ ላይ አስቀመጧትና ለቀቋት። ብይዋ ትንሽ አሰበችና መንከባለል ጀመረች፤ ከዚያ ሮጠች፤ ሳሎኑን አቋርጣ ቤቱን የሚያሳየን ደላላ ጫማ ሥር ገባች። ያ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ደላላ እግሩን አንሥቶ እንደ እባብ ሸሻት። ጋሼ ብይዋን አንሥተው በመሐረብ ጠረጉና "ይኼ ቤት እያነከሰ ነው፤ እንሂድ" አሉኝ። እኔ በሳቅ ልሞት። ከወለሉ ሥር ያሉት የእንጨት እግሮች ከሰመጡ ቤት ያጋድላል፤ ቀለምና አዲስ ምንጣፍ ያንን ይሸፍኑታል፤ ብይ ግን አትሸውድም። ይኼን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እንዲህ እያልን ክረምቱን ሙሉ ዞርን። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ባቡር ቀይረው ይመጣሉ። ግድግዳ በታጠፈ ጣት አንኳኩተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቁም ሣጥን ከፍተው ያሸታሉ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጓሮውን በር ከፍተው ደረጃ ይቆጥራሉ። "ሦስት ደረጃ አለው" ይላሉ ቅር ብሏቸው። "እኔ እግሬ ደህና ነው ጋሼ፤ ሦስት ደረጃ ምን ያደርገኛል?" እላቸዋለሁ። "እውነትሽን ነው" ይላሉና ይስቃሉ። ያ ሁሉ ደረጃ ለማን እንደሚቆጠር አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩም። ደደብነቴ!

አንድ ሕግ ነበራቸው። ባቡር ስንጠብቅ ነው የነገሩኝ። "ሰኒ፣ ልብሽ የወደደውን ቤት ያገኘሽ ቀን ለማንም እንዳትናገሪ። ሳትፈርሚ ወሬ የለም።"

"ለማንም?"

"ለማንም።"

"ለእርስዎስ?"

ሳቁ። "ለእኔም። እኔም ለአንቺ አልነግርሽም።"

እሳቸው ደግሞ ምን የሚነግሩኝ ነገር ኖሯቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ሕጉ ራሱ እንግዳ አልሆነብኝም። እኛ ሐበሾች እንዲህ ነን፤ እርግዝና ሆድ ገፍቶ እስኪታይ አይነገርም፣ መንገድ ሻንጣው እስኪዘጋ አይነገርም። ክፋት አይደለም። ዓይን ይበላዋል ብለን ነው፤ ደግሞም ሳይሆን ቢቀር ሰው ፊት ማፈሩን ፈርተን ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ጋሼ ብይዋን ሳይዙ መጡ። በእሷ ፈንታ ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው ወለሉ ላይ ሊያንከባልሉ ሲሉ ያዝኳቸው። "ብይዋስ?"

"አንድ ቤት ዋጠብኝ" አሉ።

"የት ያለ ቤት?"

"ሲሆን እነግርሻለሁ።" ፊታቸው ላይ የሆነ ብርሃን ነበር፤ የልጅ ዓይነት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቅዳሜ መምጣት እንደማይችሉ ነገሩኝ። እትዬ አስካለ ደህና አይደሉም አሉኝ፤ እሱም እውነት ነበር።

እኔም ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። የአልቶናውን ቤት ያገኘሁት ከሥራ ስወጣ ነው፤ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ጥድ የተተከለበት፣ ቀን ላይ ከነፋሱና ከወፍ በቀር ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር። ቤቱ ትንሽ ነው። ከኩሽናው ወደ ጓሮ ሲወጣ ወለሉና መሬቱ እኩል ነው፤ አንድ ደረጃ የለውም። ጓሮው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ። ገብቼ ስወጣ ልቤ ወዶታል። ስልኬን አንሥቼ ለጋሼ ልደውል ስል ሕጋቸው ትዝ አለኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። "ለእኔም" አይደል ያሉኝ? ኮራሁ እንኳን። አሁንስ አስተዋይ ሆንኩ፣ ሲሰሙ ይደነቁብኛል ብዬ።

በዚህ ከተማ ቤት የሚሸጠው እንደ በግ ነው፤ መንገድ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ መሀል ቆሞ እየጮኸ። የኦክሽኑ ዕለት ሊዲያን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ በእኔ ማፈር የጀመረችበት ዘመን። መጀመሪያ አራት አምስት ሰው ይጫረት ነበር፤ አንድ በአንድ አንገታቸውን እየነቀነቁ ወጡ። በመጨረሻ የቀረነው እኔና አንድ የማይታይ ሰው ነን። ሰውየው በስልክ ነው የሚጫረተው። አንዲት ወጣት ደላላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በመዳፏ አፏን ከልላ ታንሾካሹካለች፤ ከዚያ እጇን ታነሣለች።

እኔ እጨምራለሁ። ታንሾካሹካለች። እጇን ታነሣለች። እኔ እጨምራለሁ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። "ይኼ ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሰው የሚያሰቃይ የማን ሀብታም ነው!" አልኩ በአማርኛ ጮክ ብዬ። "ማሚ፣ ስቶፕ" አለችኝ ሊዲያ። ባንክ የፈቀደልኝ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። የመጨረሻዬን ጠራሁ። ልጅቷ ወደ ስልኩ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች፤ እኔ ያን ያህል ጊዜ መተንፈሴንም እንጃ። ከዚያ ቀና ብላ ለአጫራቹ ራሷን ነቀነቀች፤ በቃው ማለት ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተባለና መዶሻው ወረደ።

ለቀቅኩት። እልልልልል! አጠገቤ የነበረችው ፈረንጅ የልጇን ጋሪ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ማዶ ያለ ውሻ ጮኸ፤ ሊዲያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ምን ቸገረኝ! እየዞርኩ ሦስት ጊዜ አቀለጥኩት። ያቺ ስልክ የያዘችው ልጅ ስልኩን እንኳን ሳትዘጋ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

ፈርሜ እንደጨረስኩ ለጋሼ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ገዛሁ! ፈረምኩ! አሁን ይወራል!"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"እልልታሽ እዚህ ድረስ ተሰምቷል" አሉኝ።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የት እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም በደስታዬ መሀል አላስተዋልኩም። "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ።

ቤቱ ሲመረቅ ለብቻቸው መጡ። እትዬ አስካለ አልቻሉም። በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ግን "ቤቶች!" አላሉም። ዝም ብለው ገቡ። "ብዩን አያወጡም?" ብዬ ቀለድኩባቸው። "ይኼ አያስፈልገውም። ደልዳላ ነው" አሉ። በቀጥታ ወደ ኩሽናው ሄደው የጓሮውን በር ከፈቱ። ያ በር ከገባሁ ጀምሮ ሲያታግለኝ የነበረ ነው፤ እሳቸው እጀታውን ወደ ላይ ብድግ አደረጉትና በአንድ እጅ ሳብ አደረጉት። "እንዴት አወቁበት?" ስላቸው "አናጢ ነኝ እኮ" አሉኝ። በሩ ላይ ብዙ ቆሙ። ወደ ውጭ አንድ እግራቸውን አወጡ፣ መለሱ፣ ደግሞ አወጡ።

እንግዶቹ ሲሞሉ መርቁልን ተባሉ። ተነሡ። "ቤቱን የሰላም፣ የጤና ያድርግልሽ። ገብተሽ ውጪበት። ልጅሽን ዳሪበት" አሉ፤ አሜን አልን። "እግርሽ…" አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ሁላችንም አቀርቅረን ጠበቅን። "እግርሽ ሁልጊዜ መሬት ይርገጥ" አሉና ተቀመጡ። የሚስታቸው ሕመም ነው ሆዳቸውን ያባባው ብለን አሜን አልን።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋብሪካው ተዘጋ። ጋሼ ሥራ ፈቱ። ሦስት ዓመት እዚያው መስኮት ሥር ከእትዬ አስካለ ጋር ተቀመጡ። እኔ አንዳንድ ቅዳሜ ሎሚ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ከዛፉ የለቀምኩትን። ሎሚውን ተቀብለው ያሸቱታል። "ዘንድሮ ጥሩ ይዟል" ይላሉ። እግዚኦ! በእጄ እየለቀምኩ ነበር የምወስድላቸው።

ከሞቱ በኋላ በቀጣዩ ክረምት የሳሎኑ ሂተር ተበላሸ። ሊቀይረው የመጣው ሰው አሮጌውን ከግድግዳው ነቅሎ ሲያወጣ ከሥሩ አቧራ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ የሞተ በረሮ ወጣ። "ይቺ የልጅሽ ናት?" ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሰማያዊ ብይ ናት። መሀሏ ነጭ ክር አለ።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። በምረቃው ቀን ጥለዋት ይሆናል አልኩ። ያን ቀን ግን ብይ አልነበራቸውም። "አንድ ቤት ዋጠብኝ" ያሉኝ ከዚያ በፊት ነው፤ ኦክሽኑም ሳይደርስ፤ እኔም ይኼን ቤት ሳላየው። ሰውየው ስለ አዲሱ ሂተር እያስረዳኝ ነው፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ ኮሊንግዉድ ሄድኩ። ሊፍቱ አሥራ ስድስት እስኪደርስ ብይዋን በመዳፌ ጨብጬ ቆምኩ። እትዬ አስካለ በጥቁር ነጠላቸው መስኮቱ ሥር ናቸው። መዳፌን ከፈትኩ። አዩዋት። በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

"የት አገኘሻት?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ቤቴ። ሂተሩ ሥር።"

"እዚያ ነው የገባችው?" አሉና ፈገግ አሉ። "ቤቱን ሲያየው ከእጁ ሾልካ ወደቀችበት። ደላላው ፊት በየጥጉ እየዳሰሰ መፈለጉ አሳፈረው። 'ግድ የለም፣ ስንገባ አነሣታለሁ' አለኝ።"

"እትዬ፣ ይንገሩኝ።"

"እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ግን ብይዋን አመጣሽ፤ ከእንግዲህ ምኑን ደብቄው?"

ነገሩኝ። ለእሳቸውም ቢሆን ጋሼ የነገሯቸው የኦክሽኑን ዕለት ጠዋት ነው። ፋብሪካው እንደሚዘጋ ጋሼ ቀድመው ሰምተው ነበር፤ ሥራው እያለ ባንክ የሰጣቸው የመጨረሻ የብድር ወረቀት ነው፤ ካለፈ በዚያ ዕድሜ ማንም አያበድራቸውም። ያን ዕለት እትዬን ትኩሳት ያዛቸው። ጥለዋቸው መሄድ አልሆነላቸውም፤ በስልክ ተጫረቱ።

"'ነጠላሽን ልበሺ፣ ቤት እየገዛን ነው' አለኝ። አልጋው ላይ እንዳለሁ ለበስኩ። ስልኩን እንድሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ልጅቷ ትጠይቀዋለች፣ እሱ የስ ይላል። ትጠይቀዋለች፣ የስ ይላል። የመጨረሻው ላይ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ 'ኖ፣ ታንክ ዩ' አላት።"

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋ እልልታ ሰማን። 'አስኩ፣ የእኛ ሰው ናት!' አለኝ። ደስ አለው ልበልሽ? እንዲያ ነገር። ሁለተኛውን ስታቀልጪው ግን ዝም አለ። 'ሰኒ ናት' አለ። 'በምን አወቅህ?' ስለው 'ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሰማት ኖሬ!' አለኝ። አልቅሼ ነበር። እሱ 'አታልቅሺ፤ ቤቱ ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ ልጃችን ናት የያዘችው' ይለኛል። 'ብቻ እንዳትነግሪያት፤ እንቅልፍ አይወስዳትም' አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አንቺ ደወልሽ።"

እግራቸው ላይ ተደፋሁ። "አልጋው ላይ ተጋድሞ ሰው የሚያሰቃይ" ብዬ የጮህኩት ጆሮዬ ውስጥ ደወለ። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብነግራቸው ኖሮ! ወይ እሳቸው ቢነግሩኝ! ለአንድ ቤት እጄ ከእጃቸው ጋር ሲተናነቅ ነበር እኮ፤ የማን እጅ መሆኑን ሳላውቅ። ሁለታችንም ሕጉን ጠበቅን፤ ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን።

"ይምጡ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ" አልኳቸው። "ዛሬውኑ። ቤቱ የእርስዎ ነው።"

ጸጉሬን ዳበሱኝ። "እሱ ከሌለ መሬቱን ምን አደርገዋለሁ ልጄ?" አሉኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ እሺ አሉኝ፤ ልየው ብለው። ሊፍቱ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት እጃቸው የእኔን እጅ ያዙ። አልቶና ስንደርስ ብረታቸውን እየገፉ በሩ ላይ ቆሙና፣ ሰው እንደሌለ እያወቁ፣ "ቤቶች!" አሉ። "ይግቡ" ማለት የእኔ ፋንታ ነበር፤ አልኩም፤ ግን እንዴት እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በኩሽናው በኩል አንድም ደረጃ ሳይረግጡ ወጥተው ጫማቸውን አወለቁና ሎሚው ሥር ቆሙ። "እንደነገረኝ ነው" አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ፀሐይዋ ሳትበርድ መልሺኝ አሉ፤ መለስኳቸው።

ባለፈው ሊዲያ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሐበሻ ልብሳቸውን ለብሰው ግጥም ብለው መጡ። ልጄ ጥቁር ካባዋን ለብሳ ወደ እኛ ስትመጣ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ፤ ጀምሪው ማለታቸው ነው። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሌሎቹ ጠበቁ ጠበቁና እነሱው አቀለጡት።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሊዲያ ኮፍያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዞራ አየችኝ። በሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምታናግረኝ፤ ያን ቀን ግን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ማሚ፣ ለምን እልል አላልሽም?" አለችኝ።

"ጋሼ ይሰማሉ" አልኳት።